የታመመ ሰው በሐኪም ፊት ዝም ማለት እንደማይገባው

ስለ ትንሽ የእርሻ ወሰን ከዳኛ ፊት የሚቆም የአገራችን ሰው እንዴት ተዘጋጅቶ እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። ነገሩ የተጀመረበትን ቀን ያስታውሳል፤ ምስክሩን ይቆጥራል፤ ባላጋራው የሚያነሣውን አስቀድሞ አስቦ መልሱን ያሰናዳል፤ ፍርዱም ከተሰጠ በኋላ ያልገባው ቃል ቢኖር ሳይጠይቅ ከችሎቱ አይወጣም። ይኸው ሰው ስለ ገዛ ሕይወቱ ከሐኪም ፊት በቀረበ ጊዜ ግን «ያመኛል» ብሎ ዝም ይላል፤ የተነገረውም ቢገባው ባይገባው «እሺ» ብሎ ይወጣል። ለመሬቱ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ለሕይወቱ ዲዳ መሆኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በመርሐ ቤቴ ያየነው ነገር ነው። መርሐ ቤቴ በዠማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ አገር ስለ ሆነ፥ ቀድሞ ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ ለሚወሰድ ሕመምተኛ የዠማ ገደል ከሕመሙ የማያንስ ፈተና ነበረ። በ1974 ዓ.ም. በካርልሄይንዝ ቦም የተመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው የርዳታ ድርጅት በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልን ከሠራ በኋላ ግን መንገዱ አጠረ። ይሁን እንጂ መንገድ ቢያጥርም ሕመምተኛውን የሚያደርሰው እስከ ሐኪሙ ደጅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ከራሱ ከሕመምተኛውም ድርሻ ይፈልጋል።

የዚያው አገር ተወላጅ የሆኑ አጎታችን ራሳቸውን ቢያማቸው ስሙን መጥራት ወደማያስፈልገን አንድ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ የደም ግፊት እንዳለባቸውም ተነግሯቸው ኪኒን ተሰጣቸው። አንድ ወር ያህል ከዋጡ በኋላ ራስ ምታቱ ስለ ተዋቸው «ድኛለሁ» ብለው የቀረውን ለክፉ ቀን በሣጥን አስቀመጡት። ስድስት ወር ሳይሞላ ቀኝ እጃቸውና እግራቸው ሰለለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መናገር ሲጀምሩ «ሐኪሙ ፈጥኖ ነገረኝ፤ ከኋላዬ የቆመው ሰው ብዙ ነበረ፤ እንዳላስቸግረው ብዬ እሺ አልሁት» አሉን። ሐኪሙ መረዳታቸውን ሳያረጋግጥ አሰናበታቸው፤ እርሳቸውም ሳይጠይቁ ወጡ፤ ፊደል የቆጠርን ዘመዶቻቸውም ወረቀቱን ሳናነብላቸው ስለ ቀረን ከወቀሳው አናመልጥም።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚኖር ደዌ ነው። በሐኪም ቤት በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ከፍተኛ ይባላል። ኪኒኑ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል እንጂ ነቅሎ አያጠፋውምና ሲተዉት ተመልሶ ይነሣል። የሳንባ ነቀርሳም ሕክምና እንዲሁ ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። በተለመደው ሥርዓት መድኃኒቱ የሚወሰደው 6 ወር ሲሆን፥ ሕመምተኛው ጥቂት ሳምንት እንደ ዋጠ ሳሉ ሊቀንስለትና ጉልበቱ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ቢያቋርጥ የተረፉት ተሐዋስያን መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ በሽታውም ለማዳን እጅግ የከበደ ይሆናል፤ ወደ ቤተ ሰቡም ይተላለፋል።

ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው፥ ምን እንደሚያብስበትና ምን እንደሚያስታግሥለት፥ የሚውጠውንም ኪኒን የሚጠጣውንም የአገር መድኃኒት ሳይቀር አስታውሶ ይሂድ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለታቸው ስለዚህ ነውና። ከሐኪሙም ፊት ሲደርስ ይህን ይጠይቅ፤ ደዌዬ ምንድር ነው? መድኃኒቱ እንዴትና እስከ መቼ ይወሰዳል? ባቋርጠው ምን ያገኘኛል? መቼስ ልመለስ?

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰሙትን መልሶ መናገር ነው። ይህ ለካህናት አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ «ገብቶኛል» ስላለ ብቻ ወደሚቀጥለው ትምህርት አያልፍም፤ ቃሉን ለመምህሩ አሰምቶ የሳተውንም ታርሞ ነው የሚያልፈው። ሕመምተኛውም «ዶክተር፥ እንደ ሰማሁት ጧት ጧት አንድ ኪኒን ነው፤ ቢሻለኝም አላቋርጥም፤ ተሳስቻለሁን?» ብሎ ቢመልስ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። በውጭ አገርም ሐኪሞች ሕመምተኛው የሰማውን እንዲመልስላቸው መጠየቅን ዛሬ እንደ ትምህርት ይማሩታል።

ካህናትም በዚህ ነገር ታላቅ ሥራ አላቸው። ጾም በገባ ጊዜ ብዙ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር የመድኃኒቱን ሰዓት ይለውጣል፤ ጠበል ሲጀምርም ፈጽሞ የሚተወው አለ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል እንደማያስፈልግ ያስረዳል። የንስሐ አባት ልጁን «መድኃኒት ትወስዳለህን? ለሐኪሙስ ነግረሃልን?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ሰው ከጉዳት ይድናል።

ለሹማምንትም የምናሳስበው አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ሕመምተኛው ስለ ሕክምናው ተረድቶ ፈቃዱን እንዲሰጥ ደንግጓል። እንግዲህ ያልተነበበለትና ያልገባው ሰው ጣቱን ቀለም አስነክሮ ቢያትም ፈቀደ ሊባል አይገባም። ጥያቄ ያበዛ ሕመምተኛም እንደ ደፋር ተቈጥሮ እንዳይገሠጽ፥ ሰልፉ ቢበዛም ለመልሱ ጥቂት ደቂቃ እንዳይነፈገው የሐኪም ቤት አለቆች ሊጠነቀቁ ይገባል።

አጎታችን ዛሬ በግራ እጃቸው የኪኒናቸውን ወረቀት ሳይለዩ ይይዛሉ። ሊጠይቃቸው ለሚመጣውም ሁሉ «አንድ ክንድ መሬት እንዳይወሰድብኝ ስንት ጊዜ ከዳኛ ፊት ቆሜ ተሟግቻለሁ፤ ለገዛ ክንዴ ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም» ይሉታል። አንባቢ ሆይ፥ ነገ ከሐኪም ፊት ስትቀርብ ወይም ፊደል ያልቆጠረ ዘመድህን ይዘህ ስትሄድ፥ የሰማኸውን መልሰህ ሳትናገር ከደጁ አትውጣ።