ቱቦው ይቆይ፣ ጭንብሉን ያዙ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙ ሳይርቅ፣ ገርጂ ላይ፣ ሰፈርተኛው «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለው ሚዩንግሰንግ አለ። የሴኡሉ ሚዩንግሰንግ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶት በ1997 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የራሱ የሕክምና ኮሌጅ አለው። ግን ከዚህም ተመረቁ ከጥቁር አንበሳ፣ የሕክምና ተማሪዎች ከማደንዘዣ ጋር የሚተዋወቁት በጨረፍታ ነው። የውስጥ ደዌው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ የማሕፀንና ጽንሱ አታችመንት (የክፍል ልምምድ) ወራቱን ይወስዳል፤ ለማደንዘዣ የምትተርፈውን ጥቂት ጊዜ ብዙው ተማሪ እንደ ዕረፍት ይቆጥራታል።

 

ኦ አር (ቀዶ ክፍል) የገባ ሲ ዋን፣ ማለትም የሆስፒታል ልምምድ የጀመረ ተማሪ፣ ሁሉ ምኞቱ ላሪንጎስኮፕ ይዞ የሕመምተኛው መተንፈሻ ውስጥ ቱቦ መክተት ነው። እኔ ግን ጭንብሉን አስቀድማለሁ። ኢንተርን ሆናችሁ ሌሊት ተረኛ ስትሆኑ፣ ትንፋሹ የቆመ ሰው ሲመጣ፣ ረዳት እስኪደርስ የሚያቆየው በጭንብል የምትሰጡት ኦክሲጅን ነው።

አያያዙ ቀላል ይመስላል። የግራ እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ጭንብሉን ከላይ ይከባሉ፤ የቀሩት ሦስቱ መንጋጋውን ይዘው ወደ ላይ ያነሳሉ። ጀማሪ ግን ጭንብሉን ፊት ላይ ይጫነዋል። ያኔ አገጭ ይወርዳል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። መንጋጋውን አንስታችሁ ወደ ጭንብሉ አምጡት። ጣቶቻችሁ አጥንት ላይ ይረፉ፤ ከአገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከተጫኑ፣ በተለይ ሕፃን ላይ፣ ራሳቸው መንገዱን ይዘጋሉ። ከጭንብሉ ጋር የተያያዘውን ከረጢት ስትጨምቁ ዓይናችሁ የሕመምተኛው ደረት ላይ ይሁን። ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ጉንጫቸው ስለሚጎደጉድ አየር ያመልጣል፤ ጢማቸው የተንዠረገገ ቄስ ሲመጡማ አንዳችሁ በሁለት እጅ ያዙ፣ ሌላው ይጭመቅ።

እዚህ ከተማ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኦክሲጅኑ ድርሻ እዚህም 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በማደንዘዣ ከመተኛቱ በፊት ሦስት ደቂቃ ንጹሕ ኦክሲጅን ቢተነፍስ፣ ትንፋሹ ቆሞም ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው የኦክሲጅን መጠን) ሳይወርድ ለደቂቃዎች ይቆያል። ተራ አየር ብቻ ተንፍሶ ከተኛ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ እንኳ ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ የእኛ ከዚያም ያጥራል። ስለዚህ በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ጭንብሉን አየር ላይ አንሳፍፎ ከጓደኛው ጋር የሚያወራ ተማሪ ያናድደኛል። ወሬውን ትቶ የኦክሲሜትሩን ድምፅ ቢያዳምጥ ይሻለዋል፤ ሳቹሬሽን ሲወርድ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል፤ የለመደ ጆሮ ቁጥሩን ሳያይ ያውቃል።

ከቀዶው በፊት ያለውን ጥያቄም ተማሩ። አንድ ተማሪ «እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?» ሲል ሰምቻለሁ። «ኧረ ምንም አልቀመስኩም ልጄ» አሉት፤ እሱም ጻፈ። ሲስተሯ ቀረብ ብላ «ከቡናው ጋርስ?» ስትላቸው «ቆሎ ብቻ» አሉ። የቡና ቁርስን ማን ምግብ ይለዋል! ቀዶው ተላለፈ። ሕጉ ለጠጣር ምግብ ቢያንስ 6፣ ለውሃ 2 ሰዓት ነው፤ በሰመመን ያለ ሰው መከላከያው ስለሚተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። «በልተዋል?» አትበሉ፤ «ዛሬ አፍዎ የገባው የመጨረሻው ነገር ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ላይ?» በሉ።

ሌላው፦ በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት አብዛኞቹ አኔስቴቲስቶች እንጂ ሐኪሞች አይደሉም። «ዶክተር» ያልሆነ አያስተምረኝም የሚል ተማሪ ጭንብል አያያዝ ሳይማር ይመረቃል። ጠዋት ከቀዶ ሐኪሙ ቀድማችሁ ግቡ፤ አኔስቴቲስቶቹ ማሽኑን ሲፈትሹ አጠገባቸው ቁሙ፤ ሰክሽኑ መሳቡን እናንተ ሞክሩት፤ ቀዶው ሲያልቅም ሕመምተኛው ስሙ ተጠርቶ እስኪመልስ ድረስ ከራስጌው አትነሱ።