የብር ናኖ ቅንጣት የያዘ ሃይድሮጄል ለቃጠሎ ቁስል፦ አሠራሩ፣ ጥቅሙና ጥንቃቄው

የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች በሚገኙባት በዱከም፣ የጋለ ብረት፣ እንፋሎትና ኬሚካል ለሠራተኛው የቃጠሎ ሥጋት ናቸው። የተቃጠለ ቆዳ ተከላካይነቱን ስለሚያጣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በቀላሉ ይራቡበታል፤ ከእነዚህም መካከል የተለመዱትን አንቲባዮቲኮች የተላመዱ ይገኛሉ።

ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሰፊው የተሠራበት 1 በመቶ የሲልቨር ሰልፋዳያዚን ቅባት ነው። ሆኖም ቅባቱ በየቀኑ ታጥቦ መቀየር አለበት፤ ይህም ሕመምተኛውን ያሠቃያል፣ የቁስሉንም መዳን ሊያዘገይ ይችላል። የሃይድሮጄሉ ዓላማ ብርን በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቀ ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ማቆየትና የመቀየሪያውን ጊዜ ማራዘም ነው።

አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ሲልቨር ናይትሬት በተጣራ ውኃ ይሟሟል። ሶዲየም ሲትሬት ወይም የቅጠል ጭማቂ ሲጨመርበት የብር አዮኖች ኤሌክትሮን ተቀብለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚደርሱ ቅንጣቶች ይሆናሉ። ፈሳሹ ወደ ቢጫ መለወጡና 400 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን በብዛት መምጠጡ የቅንጣቶቹን መፈጠር ያመለክታል። ከዱከም ብዙም በማትርቀው አዳማ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በኮሶ ቅጠል ጭማቂ የመዳብ ናኖ ቅንጣት ሠርተው ፀረ ባክቴሪያ ባሕርዩን ፈትሸዋል። በሁለተኛው ደረጃ ቅንጣቶቹ ከፖሊቪናይል አልኮሆል ጋር ይቀላቀላሉ፤ ድብልቁ በተደጋጋሚ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ውኃ አዘል ጄል ሆኖ ይረጋል።

ከጄሉ የሚወጣው የብር አዮን የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል፤ ድኝ ካላቸው የኢንዛይም ክፍሎች ጋር ተጣብቆም ሥራቸውን ያግዳል። መጠኑ ሲበዛ ግን አዲስ የሚያበቅሉትን የቆዳ ሕዋሳትም ይመርዛል። ከዚህም በላይ ብርን የተላመደ ሳልሞኔላ በአሜሪካ፣ በቦስተን የቃጠሎ ክፍል መገኘቱ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ተዘግቧል። ስለዚህ ብር ያለ ገደብ የሚቀባ መድኃኒት አይደለም።

የቅንጣቱ ልክ፣ የብሩ መጠንና ንጽሕናው በቤተ ሙከራ ሳይረጋገጥ እንዲህ ያለ ጄል በጤና ጣቢያ ተዘጋጅቶ በሕመምተኛ ላይ ሊውል አይገባም። በጤና ጣቢያ ቅድሚያ የሚሰጠው ቃጠሎውን በንጹሕ ወራጅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ሌላውን አካል ከብርድ መጠበቅና ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው። ሕመምተኛው በዕለቱ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የካቲት 12፣ የሚላክ ከሆነ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን አለመቀባት ይመረጣል፤ ቅባቱ የቁስሉን ጥልቀት ሸፍኖ ተቀባዩ ሐኪም በትክክል እንዳይገምት ያደርጋልና።