ከመቶ ስንት? ከየትኛው መቶ?
ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራና ስለ ሆስፒታል ቁጥር

በክረምቱ ዕረፍት ወደ ሰቆጣ የወጣን ጥቂት ተማሪዎች ስንመለስ ይዘነው የመጣነው ወሬ አንድ ነበር፤ ይኸውም «በሽታው ተመልሶ መጣ» የሚል ነው። ወሬውን የነገሩን ሰዎች አላዋቂዎች አይደሉም፤ አንደኛው መምህር፣ ሌላው የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነው። ማስረጃ አድርገው ያቀረቡልንም፣ ከተመረመሩት በሽተኞች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ካለፈው ዓመት ይልቅ በመቶኛ ከፍ ብለው ታዩ የሚለውን ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች ቁጥር በተነሣ ጊዜ ዐይናችንን መጨፈን ልማዳችን ስለ ሆነ፣ የምንመልሰው አጥተን ቡናችንን ጠጥተን ተነሣን። ከተመለስን በኋላ ግን ነገሩ ስለ ከነከነን፣ የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችንን እየጠየቅንና የታተሙትን ጥናቶች እያገላበጥን የደረስንበትን ለአንባቢ እናካፍላለን።

የሰቆጣን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ባወጣው ቃል ኪዳን ነው። ከተማዪቱ የዋግ ኽምራ መዲና ስትሆን የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም የሚገኘው በዚያ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሆስፒታል ደጅ የሚቆመው ሕዝብ ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ስለ መቶኛው መናገር ከንቱ ነው። ከዳህናና ከጋዝጊብላ ደጋ፣ ከዝቋላ፣ ከሳህላና ከአበርገሌ ቆላ የሚነሣው ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ሆስፒታል የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጠናበት በኋላ ነው። ጤነኛው ከበሬው ኋላ ነው ያለው። ስለዚህ የሆስፒታሉ መቶ የዋግ መቶ አይደለም።

ይህን የመሰለውን ችግር ተራ ሰው ብቻ ሳይሆን አገርም አይታዋለች። በኢትዮጵያ የቫይረሱ ምልክት የተገኘው በ1984 በተቀመጠ ደም ውስጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ዓ.ም. ካላልን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በየጊዜው ይወጣ የነበረው ግምት በአብዛኛው የተመሠረተው ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም በሚመጡ ሴቶች ደም ላይ ነበር። በዚህ መንገድ የ2003 ግምት ለአዋቂዎች ከመቶ 4.4 ሆኖ ተገኘ። በ2005 ግን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ደም ቢወስዱ፣ ከመቶ 1.4 ብቻ ሆነ። ታዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የት ገባ? አልሞተም፤ አልዳነምም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። የእርግዝና ክትትል የሚደረግባቸው ተቋሞች በከተማና በመንገድ ዳር የተሰበሰቡ ስለ ነበሩ፣ በገጠር የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ በሚገባው መጠን አልተቆጠረም ነበር። የቤት ለቤቱ ጥናትም የራሱ ጉድለት አለው፤ ደም አልሰጥም ያለም፣ በቤቱ ያልተገኘም አለ። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁለቱን አስታርቀው ለ2007 ከመቶ 2.1 የሚል ግምት አወጡ።

ከዚያ ወዲህ በተመሳሳይ ዘዴ የተደረጉትን ብናስተያይ እውነተኛው መንገድ ይታያል፤ በ2011 ከመቶ 1.5፣ በ2016 ከመቶ 0.9። በ2016ቱ ጥናት በከተማ ከመቶ 2.9፣ በገጠር 0.4 ሲሆን፣ በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6 ነበር። አንባቢ የገጠሩን ቁጥር በልቡ ይያዝልን፤ ከዚህ በታች እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ሆስፒታል እንመለስ። በአንድ ግቢ ውስጥ ወደ ምርመራ የሚያስገቡት በሮች ብዙ ናቸው። አንዱ ገና ሊጋባ ያሰበ ወጣት በፈቃዱ የሚገባበት ነው። ሌላው ነፍሰ ጡሮች ሁሉ የሚያልፉበት ነው። ሦስተኛው ሳምባ ነቀርሳ ወይም የአባላዘር በሽታ ይዞት የመጣውን ሐኪሙ ራሱ «እንመርምርህ» የሚልበት ነው፤ ይህ አሠራር የተስፋፋው የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 መመሪያ ካወጣበት ጊዜ ወዲህ ነው። አራተኛው ደግሞ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን የሚያመጣበት ነው። በየበሩ የሚገኘው መቶኛ እርስ በርሱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እንደ ኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ዘመቻ ተደርጎ ሕዝብ በሰልፍ ሲመረመር መቶኛው ይወርዳል፤ መመርመሪያው አንሶ «የሚያሠጋውን ብቻ መርምሩ» ሲባል ደግሞ መቶኛው ይወጣል። በሁለቱም ጊዜ በሽታው ባለበት ሊቆም ይችላል። የሰቆጣው መምህር ወዳጃችን «ስንቱ ተገኘበት?» ብለው ጠየቁ እንጂ «ስንቱ ተመረመረ? በየትኛው በር?» ብለው አልጠየቁም።

ሌላም አለ። በአንድ ከተማ መድኃኒት የጀመረ ሰው፣ ዘመድ እንዳያውቅበት ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ስሙን ለውጦ እንደ አዲስ ይመረመራል። በሑመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻ ለወራት ሠርቶ የሚመለስ ወጣት በሚበዛበት አገር ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። መዝገቡ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል።

ምርመራው ራሱስ እንዴት ነው? ከጣት አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ በትንሽ መሣሪያ ላይ ይንጠባጠባል፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ አንድ መስመር ከታየ ነጻ፣ ሁለት ከታየ ምልክት አለ ማለት ነው። መሣሪያው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን፣ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለዚህ ትናንት የተያዘ ሰው ዛሬ ቢመረመር ነጻ ይመስላል፤ እስከ 3 ወር ድረስ ቆይቶ መድገም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ሕፃን ደግሞ የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ስለሚወለድ እስከ 18 ወር ድረስ በዚህ መሣሪያ ፍርድ አይሰጥበትም፤ የደሙ ጠብታ በወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ይላካል።

አሁን ያን የገጠር ቁጥር እናንሣ። መሣሪያው እጅግ ጥሩ ነው እንበል፤ ከ100 ጤነኞች በ1 ላይ ብቻ ይሳሳት። በገጠር 1,000 ሰው ብንመረምርና በእውነት የተያዙት 5 ቢሆኑ፣ አምስቱን ያገኛቸዋል፤ ከቀሩት 995 ጤነኞች ግን 10 ያህሉን በሐሰት ይከሳል። ሁለት መስመር ከታየባቸው 15 ሰዎች ዐሥሩ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው! ያው መሣሪያ ከ1,000ው 100 በተያዙበት የሕሙማን ክፍል ቢሠራ፣ 100ውን አግኝቶ በሐሰት የሚከሰው 9 ብቻ ነው። መሣሪያው አንድ ሲሆን፣ የሚታመንበት መጠን እንደ አገሩ ይለያያል። በሌላ ዐይነት መሣሪያ ሲደገም በሐሰት የሚከሰሰው ከ10,000 ወደ አንድ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ጨርሶ ይጠፋል ለማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ ሦስት ተከታታይ ምርመራ ሳይስማማ «ተገኝቶብሃል» እንዳይባል የመከረው ለዚህ ነው።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። ከመካከላችን የአንዱ ዘመድ የሆነች ልጅ ለጋብቻ ስትዘጋጅ የምርመራ ወረቀት ተጠየቀች። ስሙን በማንጠራው አንድ የጤና ተቋም፣ በአንድ መሣሪያ ብቻ «ተገኝቶብሻል» ተባለች፤ ያውም በአማርኛ፣ እርስዋ ከኽምጣና በቀር እምብዛም የማትሰማ ስትሆን። ድግሱ ተደግሶ ሠርጉ ፈረሰ። ከሦስት ወር በኋላ ወንድምዋ ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ቢያስመረምራት ነጻ መሆንዋ ታወቀ። ሙሽራው ግን አልተመለሰም።

መድኃኒቱን በሚመለከት ባጭሩ እንናገር፤ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። በ2017 እና በ2018 በከተሞች በተደረገው ጥናት፣ ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ከመቶ 79 መያዛቸው ታውቆ ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶ 97 መድኃኒት ላይ ነበሩ። የተሰበረው ድልድይ የመጀመሪያው ነው፤ አለማወቁ። ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን የሚተው ሰው ዛሬም አለ፤ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ማስተማራቸውን ለእንዲህ ያለው ሰው ማስታወስ ይጠቅማል። መድኃኒት ዕድሜን ስለሚያረዝም፣ አዲስ የሚያዘው እየቀነሰ እንኳ በሕይወት ያለው ባለ ቫይረስ ቁጥር ላይቀንስ ይችላል። ይህንንም «በሽታው በዛ» የሚሉት አይጠፉም።

በዋግ ላይ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ በአካባቢው ብዙ የጤና ተቋሞች ተዘረፉ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለውም ሕዝብ ብዙ ነው። መዝገብ በተቋረጠበት ዓመት የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር የሚያመለክተው ጤናን ሳይሆን ያልተጻፈ ገጽን ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜም፣ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በመላ አገሪቱ እንዲቋረጥ ተደረገ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ይሠሩ የነበረው በዚሁ በኤች አይ ቪ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ በመጪዎቹ ዓመታት «የተገኘባቸው ሰዎች ቁጥር ቀነሰ» የሚል ዜና ብንሰማ፣ ያን ጊዜም በመጀመሪያ የምንጠይቀው ጣቱን ለመርፌ የሰጠው ሰው ስንት እንደ ነበረ ነው።