ፈተናው ሳይጀመር የሚሰጥ ውጤት

በየዓመቱ በኤፕሪል መጨረሻ ኤንኤፍኤል በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ውስጥ ያሉት 32 ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ። ድራፍት የሚባለው ይህ ምርጫ ሰባት ዙር አለው፤ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ወደ 260 የሚጠጉ ወጣቶች ስማቸው ይጠራል። የመጨረሻው ስም ከተጠራ ብዙም ሳይቆይ ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ተንታኞች ለእያንዳንዱ ክለብ እንደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውጤት ይሰጡታል፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ። ከተመረጡት ውስጥ በአዲሱ ማሊያው አንድ ጨዋታ ያደረገ የለም። ሊጉ የሚጀመረውም በሴፕቴምበር ነው። ደጋፊዎች ግን እስከዚያ ድረስ የሚከራከሩት በዚህ ውጤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ እግር ኳስ ዝውውርን ለሚከታተል ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። በዝውውር ገንዘብ ያለው ክለብ የወደደውን ይገዛል። በድራፍት ግን ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ የዙሩን የመጨረሻ ተራ ይይዛል። ሐሳቡን ያመጣው በርት ቤል ነው፤ እርሱም ሽንፈት የበዛበት የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት ነበር። የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 በዚያው ከተማ በሪትዝ ካርልተን ሆቴል ሲካሄድ ቀዳሚ ሆኖ የተጠራው ጄይ በርዋንገር የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ነበር። በኤንኤፍኤል ግን አንድም ቀን ሳይጫወት ቀረ። ያን ጊዜ ውጤት ሰጪ ቢኖር ለዚህ ምርጫ ኤ መስጠቱ አይቀርም ነበር።

ውጤት መስጠት የመጣው ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ጣቢያ ድራፍቱን በቀጥታ ማሰራጨት የጀመረው በ1980 ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሜል ካይፐር የሚባል ወጣት ተንታኝ ቀጠረ። ካይፐር ክለብ አሠልጥኖ አያውቅም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮሌጅ ተጫዋቾችን እየተከታተለ ደረጃ የሚያወጣ ሰው ነው። በ1994 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በአምስተኛው ተራ ትሬንት ዲልፈር የተባለውን ተጫዋች ትቶ ትሬቭ አልበርትስ የተባለ ተከላካይ ሲመርጥ፣ ካይፐር በቀጥታ ስርጭት ላይ ክለቡን ወረፈው። የተጫዋቾች ምርጫ ኃላፊው ቢል ቶቢን ካሜራ ፊት ቀርቦ ‘ለመሆኑ ይህ ካይፐር የሚሉት ማነው?’ በሚል መንፈስ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሙግት ሁሉ የዚህ ምልልስ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር? አልበርትስ በጉዳት ምክንያት ከሦስት ዓመት በላይ አልቆየም። ስለዚህ ካይፐር የረታ ይመስላል። ዲልፈር ግን ሱፐር ቦውል የሚባለውን የሊጉን ዋንጫ ያነሣው መጀመሪያ በመረጠው ክለብ ሳይሆን በባልቲሞር ነው፤ ኮልትስም በዚያው ዓመት በሁለተኛው ተራ ማርሻል ፎክን አግኝቷል፤ ፎክ ኋላ የፉትቦል ታላላቆች ከሚዘከሩበት መዝገብ የገባ ሰው ነው። አንዱን ምርጫ ለብቻው ያየ አንድ ነገር ይላል፣ የክለቡን ዓመት በጅምላ ያየ ሌላ።

ለመሆኑ ውጤቱ የሚለካው ምንን ነው? ተንታኙ ከድራፍቱ በፊት የራሱን የደረጃ ዝርዝር አዘጋጅቷል። በዝርዝሩ ሠላሳኛ የሆነውን ተጫዋች ክለቡ በሃምሳኛው ተራ ካገኘው ‘በርካሽ ወሰደ’ ተብሎ ይመሰገናል። ሃምሳኛውን በሠላሳኛው ከወሰደ ‘ቸኮለ፣ ትንሽ ቢታገሥ ኋላ ያገኘው ነበር’ ይባላል። በዚህ ላይ የክለቡ ክፍተት ይታያል፦ ጨዋታውን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባክ የሌለው ክለብ ሌላ ቦታ ሲመርጥ ነጥብ ይጎድልበታል። እንግዲህ ኤ ማለት ‘ክለቡ እኔ ባሰብኩት መንገድ መረጠ’ ማለት ነው። ተንታኞችም አንዱ የሌላውን ዝርዝር ስለሚያይ፣ አንድ ክለብ በአሥር ቦታ ዲ ቢያገኝ አሥር የተለያየ ምስክር መጣበት ማለት አይደለም።

ይህን ከ2012 ድራፍት በላይ የሚያሳይ የለም። በዚያ ዓመት ሲያትል ሲሆክስ ተጨማሪ ተራ ለማግኘት አሥራ ሁለተኛ ተራውን ለፊላደልፊያ ለቆ ወደ አሥራ አምስተኛ ወረደና ብሩስ ኧርቪንን ጠራ፤ ብዙዎች ለኋላ ዙር የጠበቁት ተጫዋች ነበር። በሁለተኛው ዙር፣ በአርባ ሰባተኛው ተራ፣ ቦቢ ዋግነርን ወሰደ። በሦስተኛው ዙር፣ በሰባ አምስተኛው ተራ ደግሞ ራስል ዊልሰንን። ዊልሰን ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ብቻ በመሆኑ ለኳርተርባክ አጭር ተብሎ ነበር፤ ክለቡም ከአንድ ወር በፊት ማት ፍሊን የተባለ ሌላ ኳርተርባክ በብዙ ገንዘብ አስፈርሟል። ውጤቱ ሲወጣ ሲያትል ከታችኞቹ ተርታ ገባ፤ ኤፍ የሰጠውም ነበር።

በዚያው ድራፍት ዋሽንግተን ተወደሰ። ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፈንን በሁለተኛው ተራ ለማግኘት ሲል ለሴንት ሉዊስ በሦስት ተከታታይ ዓመታት የሚያገኛቸውን የመጀመሪያ ዙር ተራዎች፣ በላያቸው ደግሞ አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ሰጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ በአራተኛው ዙር ክርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ሲጨምር ግን ብዙ ደጋፊ ግራ ተጋባ፤ ሁለት ሙሽራ ለአንድ ሠርግ ምን ያደርጋል ያሰኛል።

ግሪፈን በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ፤ የዋሽንግተን ኤ ትክክል ሆነ ማለት ነው። በጃንዋሪ 2013 ግን በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ከዚያ በኋላም እንደ በፊቱ አልሆነም። የዚያ ቀን ተጋጣሚና አሸናፊ ሲያትል ነበር፤ ኳርተርባኩም ፍሊንን በልምምድ በልጦ ቦታውን የነጠቀው አጭሩ ዊልሰን። በ2014 ፌብሩዋሪ ሲያትል ዴንቨርን 43 ለ 8 ረትቶ ሱፐር ቦውልን አነሣ። በዋሽንግተን ደግሞ በ2015 የግሪፈንን ቦታ የያዘው ያ ‘ትርፍ’ የተባለው ከዝንስ ነው።

የደጋፊዎች ክርክር ታዲያ በጥቅሉ ሁለት ጎራ አለው። አንዱ ‘ሦስት ዓመት ጠብቁ፣ አሁን ማንም አያውቅም’ ይላል፤ ክለቡ ዲ ሲያገኝ የሚጠቅሰውም ሲያትልን ወይም በ2000 በ199ኛው ተራ የተመረጠውን ቶም ብሬዲን ነው። ክለቡ ኤ ባገኘበት ዓመት ይኸው ሰው ስለ ሦስት ዓመት ሲያነሣ አይሰማም። ሌላው ጎራ ውሳኔ መመዘን ያለበት በተወሰነበት ሰዓት በነበረው መረጃ ነው ይላል፤ ሎተሪ የወጣለት ሰው ቲኬት መግዛቱ ብልህነት አይሆንም። ይህ ሁለተኛው መከራከሪያ ከሚታሰበው በላይ ጠንካራ ነው። ድክመቱ የክለቡን መረጃ ከተንታኙ መረጃ ጋር አንድ ማድረጉ ነው፤ ክለቡ የሐኪም ምርመራ፣ የግል ቃለ መጠይቅና የአሠልጣኞች ምስክርነት አለው፣ ተንታኙ ግን በአብዛኛው የጨዋታ ቪዲዮ።

ክለቦቹም ቢሆኑ ያን ሁሉ መረጃ ይዘው ከግምት ብዙ አይርቁም። ኬድ ማሲና ኋላ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው ሪቻርድ ቴለር በ2013 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጥያቄ አንስተዋል፦ በአንድ የጨዋታ ቦታ ቀድሞ የተመረጠው በዚያው ቦታ ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው? መልሱ 52 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከሳንቲም ውርወራ የሚለየው በጥቂት ነው። ክለቦች በራሳቸው ዓይን ከልክ በላይ እንደሚተማመኑ፣ አንድ ሰው ለማግኘት ብዙ ተራ መስጠትም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያከስር አሳይተዋል። ዋሽንግተን ለግሪፈን የከፈለው ዓይነት ማለት ነው፤ ሲያትል ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ አምስት ወርዶ ተጨማሪ ተራ ማግኘቱ ደግሞ ጥናቱ ከሚመክረው ጋር ይገጥማል።

አንዳንድ ሚዲያዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የድሮ ድራፍቶችን እንደገና ያርማሉ፤ የሲያትል 2012ም ከኤፍ ወደ ኤ ተሻግሯል። ይህም ሙግቱን አልዘጋውም። የምርጫው በኩር የነበረው ኧርቪን ከዋግነርና ከዊልሰን ጋር ሲነጻጸር መካከለኛ ሆኖ ስለቀረ፣ ‘በእርሱ ላይ የተሰጠው ትችት ትክክል ነበር’ የሚል የሲያትል ደጋፊ ዛሬም አለ። ዊልሰን ለዴንቨር መሰጠቱ የተሰማውና ዋግነር የተሰናበተው በአንድ ቀን፣ በማርች 2022 ነው። ሲያትል በዊልሰን ለውጥ ካገኛቸው ነገሮች ውስጥ የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ይገኙበታል፤ በእነዚያ ተራዎች ለተጠሩት ልጆችም እንደገና ውጤት ተሰጥቷል።