«የጋሪንቻ ሚስት» ብቻ አይደለችም

የብራዚላዊቷን ድምፃዊ የኤልዛ ሶአሬስን ስም ባነሳሁ ቁጥር የኳስ ወዳጆች «የጋሪንቻ ሚስት አይደለችም እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ የዚያ ብራዚላዊ የእግር ኳስ ኮከብ ሚስት ነበረች። ታሪኳን ከዚያ መጀመር ግን እሷን መበደል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ፣ ፋቬላ ከሚባሉት የድሆች ሰፈሮች በአንዱ ተወለደች። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። በ12 ዓመቷ አባቷ ዳራት፤ በ13 ዓመቷ ወለደች። በረሃብ የሞቱባት ልጆች አሉ።

በ1953 ሌላው ልጇ ታመመ፤ ገንዘብ የለም። ያኔ ሬዲዮ ቱፒ አዳዲስ ድምፃውያንን እያወዳደረ ይሸልም ነበር። የእናቷን ሰፊ ቀሚስ በመርፌ ቁልፍ አጥብባ ሄደች። አዳራሹ አይቷት ሳቀ። አቅራቢው፣ ዝነኛው የዜማ ደራሲ አሪ ባሮሶ፣ «ከየትኛው ፕላኔት ነው የመጣሽው?» አላት። «ከእርስዎው ፕላኔት፤ ከረሃብ ፕላኔት» ብላ መለሰችለት። ሳቁ ቆመ። ዘፈነች፤ አሸነፈችም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ መልስ ላይ ያቆመዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን ድምፅዋ ነው። ያንን ሻካራ አወጣጥ ሰምተው ከጃዝ ዘፋኙ ሉዊስ አርምስትሮንግ ጋር ያመሳሰሏት ጥቂት አይደሉም። እሷ ግን በልጅነቷ ውኃ በቆርቆሮ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ስትመላለስ ከምታሰማው ማቃሰት እንዳገኘችው ትናገር ነበር። ሳምባ የሚባለውን የብራዚል ሙዚቃ ስትዘፍን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ እግር ያስነሳል፣ ከሥሩ ግን ያ ሸክም አለ።

ጋሪንቻ የመጣው ከዝናዋ በኋላ፣ በ1962 ገደማ ነው። ባለትዳር ስለነበር አገሩ የፈረደው በእሷ ላይ ሆነ (በእሱ ላይማ ማን ይጨክናል!)። በ1970፣ በብራዚል ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን፣ ቤታቸው በጥይት ተደበደበ፤ ወደ ጣሊያን ተሰደዱ። በ80ዎቹ ሥራ ጠፍቶ ሙያውን ልትተው ስትል ድምፃዊው ካኤታኖ ቬሎሶ በ1984 አልበሙ ላይ አብራው እንድትዘፍን አደረጋት።

ትልቁ ሥራዋ የመጣው በ85 ዓመቷ ነው። በ2015 ከሳኦ ፓውሎ ሙዚቀኞች ጋር «የዓለም ፍጻሜዋ ሴት» የተባለውን አልበም አወጣች። ሳምባው ከሮክና ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ይጋጫል። በአንዱ ዘፈን የምትደበደብ ሴት ደብዳቢዋን ስልክ ደውላ እንደምትጠቁምበት ትነግረዋለች። አልበሙ በ2016 ላቲን ግራሚ የተባለውን የሙዚቃ ሽልማት አገኘ፤ የብራዚል ጥቁር ሴቶችም ኤልዛን የራሳቸው ድምፅ አደረጓት። በጥር 2022 አረፈች።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፦ ከዚያ የ2015 አልበም ጀምሩ። የ60ዎቹን ሳምባ ከዚያ በኋላ ስሙት።