የሰው ልጅ ይዞ ባቡር መሳፈር

የራስን ሻንጣ ይዞ መንገድ መሄድ ቀላል ነው። ሻንጣው ቢጠፋ ባለቤቱ አዝኖ ዝም ይላል። የሰውን ሻንጣ ይዞ መሄድ ከበድ ይላል፤ ቢጠፋ ግን ዋጋውን ከፍሎ መገላገል ይቻላል። የሰውን ልጅ ይዞ መሄድ ከሁሉ የተለየ ነው። የሚከፈል ዋጋ የለውምና አደራ ተቀባዩ ልጁን ለወላጁ እስኪያስረክብ ድረስ የእንቅልፍ ጣዕም አያውቅም። ይህን በወሬ ስንሰማው ኖረን በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር በራሳችን ደረሰ። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ከመካነ ሰላም 18 ልጆች ይዘን፣ አዲስ አበባ ላይ ባቡር ተሳፍረን እስከ ድሬዳዋ ስላደረግነው ጉዞና ከዚያ ስለ ተማርነው ነገር ነው።

መካነ ሰላምን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከተማዋ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና ወረዳ ትገኛለች። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል የሚሄደው መንገድ እርሷን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና ወደ ጎጃም ይሻገራል። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስ ይበቅልበታል፣ በግ ይረባበታል። የገጠሩ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በግ መጠበቅ ይማራል። ሐዲድ የሚባል ነገር ግን በአካባቢው የለም። እንዲያውም ከልጆቹ አንዱ «ባቡር ልናሳያችሁ ነው» ብንለው «እኛ ሰፈር አለ እኮ!» ብሎ ተከራክሮናል። አልተሳሳተም። በገጠሩ እህል የሚፈጨውን ወፍጮ ሰዉ «ባቡር» ነው የሚለው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ ጥቂት የአገሩ ተወላጆች ገንዘብ አዋጡና በግማሽ ዓመቱ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጡ ልጆች አገር ይዩ አሉ። ልጆቹ ከ10 እስከ 13 ዓመት የሚሆናቸው ነበሩ። ይዘናቸው እንድንሄድ የተመረጥነው አንዲት በዕድሜ የበሰሉ መምህርትና፣ ያን ጊዜ ገና ከዩኒቨርሲቲ ያልወጣነው እኛ ነበርን። መምህርቷ ስለ ተማሪ ባሕርይ፣ እኛ ደግሞ ስለ መንገዱ እናውቃለን ተብሎ ነው። ኋላ እንደ ታየው ግን ሁለቱንም የሚያውቁት መምህርቷ ነበሩ።

የተነሣነው ጎሕ ሳይቀድ ነው። እናቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ በቅቤ የታሸ ጭኮ ይዘው አውቶቡሱን ከበቡት። አንዷ «አላህ ያድርሳችሁ» ስትል ሌላዋ «እግዜር ይጠብቃችሁ» ትላለች፤ ሁሉም ለሁሉም ልጅ አሜን ይላሉ። ከአባቶች አንዱ ግን ምርቃት አላበዙም። የልጃቸውን እጅ ይዘው በእጃችን ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ከእጄ ተቀብለሃል፤ በእጄ መልስልኝ» አሉን። ይህች ቃል ድሬዳዋ ድረስ እንደ ድንጋይ ከብዳን ሄደች።

መምህርቷ በመጀመሪያው የምሳ ሰዓት አንድ ሕግ አወጡ። እስክንመለስ ድረስ ሥጋ የሚባል ነገር አይታዘዝም። ልጆቹ እስላምም ክርስቲያንም ናቸው። ሽሮ፣ ምስርና ድንች ከተበላ ግን የማን ሥጋ ነው የሚል ጥያቄ የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ቢመጣ ጾመኛው አይቸገርም። አሥራ ስምንቱም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ። ወሎ ይህን ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። እኛ ግን በመጽሐፍ ስለ መቻቻል ብዙ ያነበብን ሰዎች ሳናስበው ቀርተን ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዲድ አዩ። ይህ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር ነው። ሥራውን በ2004 ዓ.ም. የተዋዋለው አንድ የቱርክ ኩባንያ ነበር። እኛ ባለፍንበት ጊዜ ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ ሕዝብ የሚያመላልስ ባቡር ግን አልነበረበትም። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ባቡሩስ?» አለችን። «ይመጣል» አልናት። «መንገዱ ከመንገደኛው ቀድሞ መጣ?» ብላ ሳቀች። የምንመልሰው አጣንና አብረናት ሳቅን።

አዲስ አበባ አድረን በማግሥቱ ጧት ከለቡ ጣቢያ ተሳፈርን። ይህ አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው። የተመረቀው መስከረም 2009፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት ጢሱ የት አለ ብለው ነው። በመጽሐፋቸው ያዩት ባቡር ጢስ ነበረውና። ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ አሳይተን ኃይሉ ከዚያ እንደሚመጣ ብንነግራቸው «እንግዲህ ይሄም እንደ ወፍጮው በመብራት ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። አዳማ ላይ ባቡሩ ቆሞ ብዙ ሰው ወረደ፤ ብዙ ሰውም ተሳፈረ። እኛ በዚያን ሰዓት በመስኮት በኩል ከተማውን እያሳየን ስለ አዳማ ታሪክ ንግግር ላይ ነበርን። ባቡሩ ተንቀሳቅሶ ጥቂት እንደ ሄደ መምህርቷ «እስቲ ቁጠራቸው» አሉን። ቆጠርን፤ 17 ሆኑ። ደግመን ቆጠርን፤ 17። ሦስተኛ ስንቆጥር ጣታችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማን እንደ ጎደለ ግን አላወቅንም! አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ሁለት ቀን ሙሉ አብረን በልተን፣ አብረን ተጉዘን፣ ከአሥራ ስምንቱ የትኛው እንደ ጠፋ መናገር አልቻልንም። ያችው የኮምቦልቻዋ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ዙሪያዋን ቃኘችና የአንድ ዝምተኛ ልጅ ስም ጠርታ «እሱ የለም» አለች። እንዴት ቶሎ እንዳወቀች ብንጠይቃት ተገርማ አየችን። «በግ ማታ ሲገባ በቁጥር ነው እንዴ የሚታወቀው? በመልኩ ነው እንጂ!»

ዝምተኛው ልጅ እጁን በእጃችን ላይ ያስቀመጡልን የእኒያ አባት ልጅ ነበር።

የዚያን ጊዜ የተሰማንን በቀለም ልንጽፈው አንችልም። አዳማ ቀርቶ ይሆን? ሐዲዱን ሊነካ ወርዶ ይሆን? መምህርቷን ከልጆቹ ጋር ትተን ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየሮጥን በየወንበሩ ሥር ጭምር ፈለግን። አባቱ ፊት ቆመን ምን እንደምንል በልባችን ቃል እናዘጋጅ ነበር፤ አንድም ቃል አልመጣልንም። በሦስተኛው ፉርጎ መጨረሻ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ልጁ ጋቢውን በትከሻው አጣፍቶ ቆሞ አገኘነው። እጁን ይዘን በቁጣ ጮህንበት፤ ልንመታውም ምንም አልቀረንም ነበር። ልጁ አላለቀሰም። አንገቱን ደፍቶ የሆነውን ነገረን። አዳማ ላይ የተሳፈሩ አንዲት አሮጊት ቁጥሩን ሳያዩ በእርሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት አስነሥቼ ልቀመጥ?» አለን። ስለዚህ ተነሣላቸው። ከዚያም ሌላ ባዶ ቦታ ፍለጋ ሲሄድ ፉርጎዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑበትና መመለሻው ጠፋው።

እንግዲህ ልጁ የጠፋው በብልግናው ሳይሆን አባቱ ባስተማሩት ጨዋነት ነው። የባለገው ከተማ ሲያሳይ ልጅ የጣለው አጃቢ ነበር። ይቅርታ ልንጠይቀው ፈልገን አፋችን ተያዘ፤ የጠየቅነው ማታ ድሬዳዋ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ መምህርቷ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሯቸው። ዘጠኝ ጥንድ ሆኑ። ሕጉ አጭር ነው፦ ማንም ስለ ራሱ አይጠየቅም፤ ስለ ጓደኛው ይጠየቃል። «ጓደኛህ የት አለ?» ሲባል ያላወቀ ጥፋተኛ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኛ ከምንጠብቃቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይበልጥ ተጠባበቁ። አዋሽን ተሻግረን ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ በረታ፤ ደገኞቹም ጋቢያቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። ውኃ ያልጠጣ ቢኖር የሚከሰሰው በጓደኛው አፍ ነበር።

ድሬዳዋ ገብተን፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በመኪና ወደ መሀል ሄድንና ልጆቹን ወደ አሮጌው ለገሐር ወሰድናቸው። የቀድሞው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን ገና በ1909 ዓ.ም. ነበር። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር።

እዚያው ቆመን ስለ ሌሎች ሕፃናት ነገርናቸው። በ1916 ዓ.ም. ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ሲደርሱ፣ በአርመኖች ገዳም ውስጥ ወላጆቻቸው በቱርክ አገር በተፈጸመው ፍጅት ያለቁባቸው አርመናውያን ልጆች የሙዚቃ ባንድ አቋቁመው አገኙ። አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ ከሙዚቃ አስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የደረሱት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ወደ መዲናዋ የሚያወጣው ዋናው መንገድ ይኸው ሐዲድ ነበር። «አርባ ልጆች» እየተባሉ በታሪክ ቀሩ። ናልባንዲያን የደረሰው ዜማም የዘውዱ ሥርዓት እስከ ወደቀበት እስከ 1967 ዓ.ም. የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

ዝምተኛው ልጅ በጥሞና ሲሰማ ቆየና «ጋሼ፣ አስተማሪያቸው መልሶ ለማን አስረከባቸው?» አለን። ወላጅ እንዳልነበራቸው ብንነግረው ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። እኛም ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። የእኛ አደራ ከባድ ቢመስለንም የሚመለስ አደራ ነው፤ በሌላኛው ጫፍ ጋቢ ተከናንቦ የሚጠብቅ አባት አለ። የማይመለስ አደራ የተሸከሙ ሰዎችም በዓለም ላይ ነበሩ። በ1931 ዓ.ም. ከናዚዎች ግዛት ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ ሕፃናት በባቡርና በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረዋል። የሚያጅቧቸው አዋቂዎች ልጆቹን ካደረሱ በኋላ ወደዚያው ወደ አደጋው የመመለስ ግዴታ ነበረባቸው፤ ባይመለሱ የሌሎቹ ልጆች ጉዞ ይታገዳልና። ተመለሱም። ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ ጋር ሲነጻጸር፣ አዳማ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ዓይኑን የነቀለ አጃቢ ስለ ድካሙ ባያወራ ይሻለዋል።

ልጆቹን በሰላም መለስን። መካነ ሰላም ስንደርስ ያን ልጅ በእጁ ይዘን ከአባቱ እጅ ላይ አስቀመጥነው፤ የአዳማውንም ነገር ሳንደብቅ ተናገርን። አባትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «አብሽር፤ ነገርከኝ፣ በቃ» አሉን። ይህች ቃል ከምርቃት ሁሉ በለጠችብን።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስና ስልክ ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠን እንደገና መቁጠር ጀመርን። በዚህ ጊዜ ግን ቁጥር አልቆጠርንም፤ መልክ ቆጠርን። የአዳማው ሕግም ያለ እኛ ትእዛዝ ሲሠራ አየነው። ወደ ዘመድ ሸሽቶ ስልክ ያገኘ ልጅ መጀመሪያ የሚነግረን የራሱን ደኅንነት ሳይሆን የጥንዱን ነበር። «እሷ ከአክስቷ ጋር ናት፤ እኔም ደኅና ነኝ» ይሉናል። ቆጠራው 18 የሞላው ታኅሣሥ ላይ ነው። የመጨረሻውን ወሬ ያመጣው ያ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ስለ ጓደኛው።

ይህን የምንጽፈው ነገ ተነገ ወዲያ መምህር፣ የወረዳ ሹም ወይም የማኅበር ጸሐፊ ሆነው የሰው ልጅ ይዘው መንገድ ለሚወጡ ወጣቶች ነው። የወላጆችን ስልክና የልጁን ሕመም በወረቀት ያዙ። ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርዱ ውኃ፣ ስስ ልብስና የወባ አጎበር አትርሱ። ባቡር በቆመ ቁጥር አንዳችሁ ከበሩ አትራቁ፤ ስለ ከተማው ታሪክ ንግግሩ ይቆያችሁ። የጠፋ ልጅ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ እንዲጠራ አስቀድማችሁ ንገሩት። ጥፋት ቢደርስ ለወላጁ ራሳችሁ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ልጆቹን ከመቁጠራችሁ በፊት እወቋቸው። አገራችን «አደራ በላ» ከሚለው የከፋ ስድብ የላትም። አደራ የሚበላውም ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቁጥር ይዞ መልክ የረሳም ሳያውቀው ይበላዋል።