የደረት ራጅ የማያሳየው ነቀርሳ

ገናሌና ዳዋ ወንዞች በሚገናኙበት በዶሎ ኦዶ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ድረስ አምስት የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያዎች ተከፍተዋል። ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ስፍራ ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ በአየር አማካይነት በቀላሉ ይተላለፋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሕመምተኛ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሲታዘዝ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

የነቀርሳ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት ይከቡትና ግራኑሎማ የተባለ ግንብ ይሠሩበታል፤ ባክቴሪያውም በዚያ ለዓመታት ሊያንቀላፋ ይችላል። ግንቡን ከሚያጸኑት ኬሚካላዊ መልእክተኞች አንዱ ቲኤንኤፍ ነው። ለሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሰጠው ኢንፍሊክሲማብ ደግሞ ይህንኑ መልእክተኛ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ መድኃኒቱን ወስደው ነቀርሳ ከያዛቸው 70 ሕሙማን መካከል 40ዎቹ በሽታው ከሳንባ ውጭ ጭምር ተገኝቶባቸዋል።

በራጅ ላይ የምናየው የተለመደ ምልክት፣ ማለትም በሳንባ የላይኛው ክፍል የሚታየው ጥላና ዋሻ መሰል ክፍተት፣ በአብዛኛው ሰውነታችን ያካሄደው ውጊያ አሻራ ነው። ውጊያው ሲዳከም አሻራውም ይደበዝዛል። በምትኩ በመላው ሳንባ የተበተኑ ደቃቅ ነጠብጣቦች ወይም ያበጡ ዕጢዎች ሊታዩ ይችላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ራጁ ጤናማ ይመስላል።

ስለዚህ ራጁ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ከቆዳ ወይም ከደም ምርመራ ጋር ሊታይ፣ ያንቀላፋ ነቀርሳ ከተገኘም አስቀድሞ ሊታከም ይገባል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ እንክብሎችም በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጥንቃቄ ይሻሉ። በዶሎ ኦዶም ሆነ በአዲስ አበባ፣ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ትኩሳት፣ ሳልና የሌሊት ላብ ከታየበት፣ ራጁ ጤናማ መሰለ ብለን አንሸኘው፤ አክታውም ይመርመር።